አውድማ ላይ ያቆምነው ቤት

ቤታችሁ ተሰብሮባችሁ ያውቃል? ጣራው አፈሰሰ፣ ቧንቧው ፈነዳ ማለቴ አይደለም። መንገድ እየሄደ እግሩ ተሰብሮ ያውቃል ወይ ነው የምላችሁ። የእኔ ቤት ደብረ ብርሃን ተሰብሯል፤ ደሴ ተሰብሯል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ቆሞ ሳለ ተሰብሯል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ፎገራ ሜዳ ላይ የተሰበረውን ነው። ነገሩ ረዘም ይላል። ትዕግሥት ያላችሁ አንብቡት፤ እኔ ያኔ ጭራሽ አልነበረኝም።

እኔና ባለቤቴ ዳዊት የምንኖረው ተሳቢ ውስጥ ነው። ድሮ የመንገድ ሠራተኞች ማደሪያ ነበር። አርጅቶ ሲሸጥ ገዛነውና አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና አንድ ጠረጴዛ አስገባንበት፤ ጣራው ላይ ሶላር ሰቀልን። በአሮጌ ፒክአፕ እየጎተትነው ከገበያ ገበያ እንዞራለን። ሥራችን ፎቶ ማተም ነው። ዛሬ ገበሬውም ስልክ አለው፤ የልጁ ሠርግም የሟች አባቱ መልክም ስልኩ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ግን የለውም። እኛ ከስልኩ አውጥተን በወረቀት እናትምለታለን። ዳዊት ያትማል፣ እኔ ደንበኛ አነጋግራለሁ። ዳዊት ግን «አንቺ ከደንበኛ ትጣያለሽ» ይላል።

ወደዚህ ኑሮ የገባነው መዞር ወደን አይደለም። አዲስ አበባ ከአከራይ አከራይ ስንንከራተት ዓመታት አለፉ። አንዱ ኪራይ ይጨምራል፤ አንዷ እንግዳ አታምጡ ትላለች፤ ሌላዋ ልብስ ባጠብኩ ቁጥር ቧንቧው አጠገብ መጥታ ትቆማለች። ከመጨረሻው ቤት ልቀቁ የተባልነው ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ነው። ያን ቀን አልጋዬ፣ ድስቴ፣ የውስጥ ልብሴ ሳይቀር አስፋልት ዳር ተዘርግቶ ሰፈርተኛው እያየ ስንጭን፣ ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አልጠናም፣ በማንም መሬት ላይ በማንም ፈቃድ አልኖርም ብዬ ማልኩ። ተሳቢውን የገዛነው ከዚያ መሐላ በኋላ ነው።

ያልተነገረኝ ነገር ቢኖር አከራይ የሌለው ቤት መካኒክ እንዳለው ነው። አከራይ በወር አንድ ጊዜ ነው የሚያበሳጭ። መካኒክ ግን በየቀኑ ነው፤ ዛሬ ባሌስትራ፣ ነገ ቸርኬ፣ ከነገ ወዲያ የማላውቀው ብሎን። ወረታ ስንደርስ ደግሞ አንደኛው ጎማ መጮህ ጀመረ። ሞላ የሚባል መካኒክ ፈታታው፤ የጎማውን ኩሽኔታ ቀየረ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «በዚህማ መተማ ድረስ ትሄዳላችሁ» አለን። እኔም መንገድ ስንጀምር ለዳዊት፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ ከተሰበረ ብረቱን ለቆራሌው እሸጠዋለሁ» አልኩት። ሸጬ የት እንደምገባ ግን አላሰብኩም ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። ከወረታ ወደ ይፋግ ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ብሎ፣ ወደ ጣና በኩል ሜዳው ውስጥ፣ ለክብረ በዓሉ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ደብር አለ ስለተባልን ወደዚያ ታጠፍን። ግራ ቀኙ የታጨደ ሩዝ ነው፤ በየቦታው ክምር ቆሟል። ብዙም ሳንሄድ ከኋላችን አንድ ነገር ቋ አለ። ዳዊት ፍሬን ያዘ። ወርደን ስናይ ሞላ የቀየረው ጎማ ወደ ጎን ዘምሟል፤ ከመሐሉ የተቃጠለ ግራሶ ይሸታል። መተማ ቀርቶ ይፋግም አላደረሰን።

የፎገራን መሬት የማያውቅ ሰው ዋልካ ምን እንደሆነ አያውቅም። ክረምት ይውጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ገና ጭቃ ነው። ክሪክ ደግፈን ስናነሣው ተሳቢው አይነሣም፤ ክሪኩ ይሰምጣል። ከሥሩ ድንጋይ እንዳናደርግ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ድንጋይ የለም። ዳዊት አፈሩን በእጁ እየቧጠጠ ክሪኩን ሦስት ቦታ ሞከረ፣ ሦስቱም ቦታ ቀበረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሞላን እረግማለሁ።

ከመንገዱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ክብ፣ ለጥ ያለ፣ ደረቅ መሬት አየን። ሣር የለበትም፤ ጠጠር የለበትም፤ እንደ ሲሚንቶ ወለል ጠንካራ ነው። ዳዊት በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረገውና፣ «እግዜር ለእኛ ነው ያዘጋጀው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ተስማማን። የዘመመውን ጎማ እየጎተትን፣ አሥር እርምጃ እየሄድን አሥር ጊዜ እየቆምን መሐሉ ላይ አደረስነው። እዚያ ላይ ክሪኩ እሺ አለ። ሞላ ተጠርቶ በባጃጅ መጣ፤ አየው፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ረጅም ማብራሪያ ሰጠን። አክስሉን ሙሉውን ፈትቶ አወጣ፤ ተሳቢውን በእንጨት ጉማጅ ላይ አስቀመጠው፤ ቶርኖ ቤት አሠርቼ ማታ እመጣለሁ ብሎ አክስሉን ባጃጁ ላይ ጭኖ ሄደ። ቤቴ እግር አልባ ሆኖ ቀረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ሽበት የጣለባቸው ገበሬ በሜዳው መጡ። ከደረቁ ክብ ጠርዝ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁና አስቀመጡት፤ በባዶ እግራቸው ገቡ። ተሳቢውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከሥሩ ጎንበስ ብለው ጉማጁን አዩ፤ ሞላ ያንጠባጠበውን ጥቁር ግራሶ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «እንደምን ዋላችሁ። ቤት ነው ይኸ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፤ ቤታችን ነው። ተሰብሮብን ነው፤ ማታ ይሠራልናል» አልኳቸው።

«እግዜር ይርዳችሁ። ደግ» አሉ። ወለሉን በእግራቸው ዳሰስ አድርገው፣ «አውድማ ላይ ናችሁ እንጅ» አሉ።

አውድማ የሚለውን ቃል የማውቀው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ወደ እግሬ ተመለከትኩ። ያ የወደድነው ወለል በእበት የተለቀለቀ፣ ተለቅልቆም ገና የደረቀ፣ የሰው የዓመት እንጀራ የሚወቃበት ቦታ ነው። እኔ ደግሞ በጫማዬ ቆሜበታለሁ። እዚያ ሜዳ ላይ የተወለደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ አይሳሳተውም፤ እኛ ከተማ የለመድን ጠንካራ መሬት ስናይ ማቆሚያ ነው የሚመስለን። ዳዊት ጫማውን እያወለቀ ይቅርታ ጠየቃቸው። እኔም አወለቅኩ፤ ግን ይቅርታ ከማለት ይልቅ፣ «ስንገባ ለምን አልነገሩንም?» አልኩ። እኒያ ሰው ታች ማሳቸው ላይ ሩዝ ሲከምሩ ውለው መመለሳቸው ነበር።

ስማቸው አያ ካሴ ነው። ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱን። የዚያ ሰፈር ገበሬዎች ወንፈል ገብተዋል፤ ሁሉም በሬውን ይዞ ዛሬ አንዱ ዘንድ፣ ነገ ሌላው ዘንድ እየተረዳዳ ይወቃል። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ሥራ የለም፤ ከነገ ወዲያ የመጀመሪያው ተራ የአያ ካሴ ነው። ተራው ያለፈው ሰው እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። የሌሎቹ አውድማ በየራሳቸው ክምር ተይዟል፤ አዲስ አውድማ አርሶ፣ ረግጦ፣ ለቅልቆ ለማድረቅ ቀናት ይወስዳል። የመውቂያ ማሽን የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ማሽኑ ሌላ ቀበሌ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ነግረውን ሲያበቁ ወደ ጣና በኩል ሰማዩን አዩ። እኔም አየሁ፤ በኅዳር የማይጠበቅ ደመና ተኮልኩሏል።

«ማታ ይመጣል፤ ቃል ገብቶልናል» አልኳቸው ስለ ሞላ። ሞላ ማታ አልመጣም።

በማግስቱ ሚካኤል ነው። ማለዳ ስደውልለት ሞላ ተቆጣኝ። ዛሬ ሚካኤል መሆኑን ረሳሽው ወይ፣ ቶርኖ ቤቱም ዝግ ነው፣ በበዓል ብረት የሚቀጠቅጥ የለም፣ ነገ በጠዋት ግን አለሁ አለ። ዳዊት በፒክአፕ ወረታ ሄዶ እንዲለምነው ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ አክስል አልያዘም፤ ጠላ ጠላ ይሸታል። ሞላን ዝክር ላይ አግኝቶት እሱንም አስቀምጠውት ኖሯል። «እንቢ ብል ሚካኤልን ናቀ ይሉኛል» ይለኛል። ያን ዕለት ዳዊትን ያላባረርኩት የማባርርበት በር ስለሌለ ነው፤ ተሳቢው ዘንበል ብሎ በሩ አልከፈት ብሎ በመስኮት ነበር የምንገባው።

በዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ ዜናው ደርሶት ስልክ ስልኩን ይዞ መጣ። ፎቶ አትሙልን ነው። መካኒኩ በሚካኤል አይሠራም፣ እኔ ግን እንድሠራ ይፈለጋል። ዛሬ በዓል ነው ብዬ መለስኳቸው፤ አንድ ሰው እንኳ በነገሩ አልሳቀም። እንደ ልማዳቸው መርቀውኝ ሄዱ።

አመሻሽ ላይ የአያ ካሴ ባለቤት እመት እናኑ ከዝክራቸው ዳቦና ጠላ ይዘውልን መጡ። እሳቸውም ጫማቸውን ከጠርዙ አወለቁ። አንድ ቁጣ፣ አንድ ግልምጫ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። እሳቸው ግን ልጆች እንዳሉን ጠየቁኝ፤ የለንም ስል እግዜር ያውቃል አሉ። ከዚያ ወደ ደመናው አንጋጠው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ እንዲህ አሉኝ።

«አምና ክምሩ ዝናብ መታው። ከላይ በቀለ። ልጆቹ ክምሩ አረንጓዴ ሆነ ብለው ደስ አላቸው። እኔና ካሴ ግን ቤት ገብተን ዝም አልን።»

ዳቦውን ተቀበልኩ፤ አልበላሁትም። እልህ ያዘኝ። በሞላ፣ በዳዊት፣ በደመናው፣ በሚካኤልም ጭምር ተበሳጨሁ። ከሁሉ በላይ ግን ያናደደኝ ያ መሐላዬ ነው። የማንንም መሬት አልረግጥም ያልኩት እኔ የሰው እንጀራ ላይ ቤት ሠርቼ ተቀምጫለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የበሬዎች ድምፅ ቀሰቀሰን። የወንፈሉ ሰዎች መጥተዋል፤ መንሽ የያዘ አለ፣ በሬ የሚነዳ አለ። አውድማው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ቤቴን ያያሉ። ያኔውኑ ለሞላ ደወልኩ። «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። ቀጥዬ የት ጋ ስለው ተንተባተበ። በኋላ እውነቱ ወጣ፤ ወረታ መብራት ጠፍቷል፤ ቶርኖው ያለ መብራት አይሠራም፤ መብራቱ መቼ እንደሚመጣም አይታወቅም። ስልኩን ዘጋሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

አያ ካሴ ከሰዎቹ ጋር ጥቂት ተነጋገሩና ወደ እኛ መጡ።

«እንሸከመው ይላሉ» አሉ።

«ምኑን?»

«ቤቱን። ወደዚያ፣ ከጠርዙ እናወርደዋለን። ክብደቱ እንዲቀል ግን ዕቃው ይውጣ።»

ዳዊት ወዲያው እሺ አለ። እኔ እንቢ አልኩ። ሰበቤ ብዙ ነበር፤ ሻሲው ይጣመማል አልኩ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው ይቀደዳል አልኩ፣ ማተሚያው ከተበላሸ እንጀራችን አለቀ አልኩ። ሁሉም እውነት ነው። ያልተናገርኩት ግን አንድ ነው፤ አልጋዬን፣ ድስቴን፣ የውስጥ ልብሴን አውጥቼ ሜዳ ላይ ሰው ፊት መዘርጋት ነው የፈራሁት። ለዚያ ነበር ሁለተኛ አይደርስብኝም ያልኩት። አሁን ደግሞ በሬዎቹ ሳይቀሩ ሊያዩኝ ነው።

«ብትሰብሩት የምንገባበት የለንም» አልኩ በመጨረሻ። ድምፄ ከፍ ብሏል።

አያ ካሴ ደመናውን አዩ፤ ክምራቸውን አዩ። «እውነትሽን ነው፤ ቢሰበር እኔ አልጠግነውም። አላውቅበትም» አሉ። «ግን አልዋሽሽም፤ ዛሬ ካልወቃሁ ልጆቼን የማበላቸው የለኝም። ነይ አላልኩሽም፤ ሂጅም አላልኩሽም። እንደወደድሽ።»

ቢያስገድዱኝ እጣላለሁ። ቢለምኑኝ እከራከራለሁ። እንደወደድሽ ሲሉኝ ግን የምይዘው ጠፋኝ። ጠርዙ ላይ ቆመው ወደ እኛ የሚያዩትን እመት እናኑን አየሁ፤ አምና ክምሩ አረንጓዴ ሲሆን ቤት ገብተው ዝም ያሉትን ሴት። በመስኮቱ ገባሁና መጀመሪያ ያገኘሁትን፣ ትራሴን፣ ለዳዊት አቀበልኩት።

ዕቃው ሁሉ በመስኮት ወጣ። አልጋው ተፈታ፤ ድስቱ፣ ፍራሹ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ማተሚያው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ሰዎቹ እየተቀባበሉ የሩዝ ገለባ ላይ ደረደሩት። የልብሴን ሻንጣ እመት እናኑ ራሳቸው ተቀብለው፣ ማንም እንዳያየው ነጠላቸውን ጣል አደረጉበት። ይህን ያልነገርኳቸውን ነገር እንዴት እንዳወቁት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ረጃጅም የባሕር ዛፍ ወራጅ ከሥሩ አስገቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል፤ ሃምሳ አይሆኑም፣ ቤቴም ሎሚ አይደለም። አንዱ ሲያዜም ሌላው እየተቀበለ ቤቱ ተነሣ። እንደተነሣ ተንገዳገደ። ዳዊት በአንድ ጥግ ገብቶ ፊቱ ቀልቷል። እኔ መሬት መሬቱን ነበር የማይ። የአውድማውን ጠርዝ ሲያልፉ ፊተኞቹ ዋልካው ውስጥ ገቡ፤ ቤቱ አዘነበለ፤ ከላይ አንድ ነገር ተሰነጠቀ። አልለቀቁትም። ቀስ እያሉ አወረዱት፣ ጉማጁ ላይ አሳረፉት።

ሶላሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። የኋላው ግድግዳ ከጥጉ ተከፍቶ ውጭው ይታያል። የፈራሁት ደረሰ ማለት ነው። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም፤ ከሐዘን ይልቅ የንዴት ልቅሶ ነበር። አያ ካሴ ግን ለማጽናናት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሞላ ያንጠባጠበው ግራሶ ሩዙን እንዳያበላሽ የነካው ቦታ ተፍቆ እንደገና ሳሳ ተደርጎ መለቅለቅ አለበት። እመት እናኑ እበት ይዘው ተንበረከኩ። እኔም እንባዬን በክንዴ ጠርጌ አጠገባቸው ተንበረከክሁና እጄን ከተትኩ። እበቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

የተለቀለቀችው ጥቂት ቦታ ጠፈፍ ስትል ክምሩ ተናደ፤ በሬዎቹ ዞሩበት። ቀኑን ሙሉ ዞሩ። ዳዊት መንሽ ይዞ ገለባ ሲገለብጥ ዋለ፤ እኔ ውሃ ሳመላልስ። ለሞላ አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ንጹሑ ሩዝ መሐል ላይ ተከመረ። በላይዳ፣ በእንጨት አካፋው፣ እያነሡ ገና በከረጢት መክተት ሲጀምሩ የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። ዳዊት ሮጠ። በተሳቢያችን በር ላይ ለጥላ የምንዘረጋት ትልቅ ሸራ አለች፤ እሷን አምጥቶ ሩዙ ላይ ጣላት፤ ሁላችንም ጠርዝ ጠርዟን ይዘን ተቀመጥንባት። ዝናቡ ወረደ። የእኛ ፍራሽ ገለባው ላይ ራሰ፤ ሩዙ አንድ ፍሬ አልራሰም። ያን ሌሊት ያደርነው አያ ካሴ ቤት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ገና መበሳጨቴ አላበቃም።

በማግስቱ ለሰዎቹ ፎቶ በነፃ እናትምላችሁ፣ ውለታችሁን እንክፈል አልን። አያ ካሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንፈል በገንዘብ አይመለስም፣ በፎቶም አይመለስም፤ በጉልበት ነው የሚመለስ። ሰው ቤታችሁን ተሸክሟል፣ እናንተም ውቂያው ላይ ውላችኋል፤ ስለዚህ የወንፈሉ ቀለበት ውስጥ ገብታችኋል አሉን። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? የሁሉም ክምር ተወቅቶ እስኪያልቅ ድረስ ከአውድማ አውድማ እየሄድን መሥራት አለብን። ሳቅሁ፤ ሲቀልዱ መስሎኝ ነበር።

በመሐሉ ሞላ መጣ። አክስሉን በብየዳ አስቀጥሎ፣ በትንሹ ጎብጦ፣ ገጠመልን። ዛሬም ተሳቢያችን ወደ ቀኝ ይስባል። ለዳዊት፣ በቃ ተሠርቷል፣ እንሂድ አልኩት። ዳዊት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አለኝ። ተራ አለብን አለ። ስለዚህ ቤቴ ተጠግኖ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ እኔ የማላውቀው ሰው አውድማ ላይ ውሃ ሳመላልስ ከረምኩ። ወገቤን አመመኝ፤ ገለባው አንገቴን አሳከከኝ። በየቀኑ አጉረመረምኩ። በየቀኑም አንዷ ሴት ጎኔ ቆማ እያጉረመረመች አብራኝ ትሠራለች፤ ማጉረምረም የሥራው አካል መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

የመጨረሻው ክምር ተወቅቶ ባለቀ ማግስት ዕቃችንን ጭነን ለመሄድ ተነሣን። የፒክአፑ ሞተር ተነሥቶ ሳለ ውጭ ድንጋይ ሲራገፍ ሰማሁ። አሁን ደግሞ ምን ሊሉን ነው ብዬ ተበሳጭቼ ወጣሁ። የወንፈሉ ሰዎች በሙሉ አሉ። ከይፋግ በኩል ካለው ኮረብታ በአህያና በጋሪ ድንጋይ አምጥተዋል፤ ድንጋይ በሌለበት በዚያ ሜዳ። ከአውድማው ጎን ዋልካውን ቆፍረው፣ የተሳቢያችንን ልክ በገመድ ለክተው ድንጋዩን እየደረደሩ ነው።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኳቸው አያ ካሴን።

«ተራው የእናንተ ነዋ» አሉ። «የሁላችንም ተወቃ፤ የእናንተ ብቻ ነው የቀረ።»

«እኛ እኮ እርሻ የለንም።»

«እርሻ ባይኖርሽ ቤት የለሽም ወይ?» አሉና አንዱን ድንጋይ በእግራቸው ረገጥ አደረጉት። «እዚህ ላይ ክሪክሽ አይሰምጥም።»

ያን ቀን አልሄድንም። መሬት የሌላት፣ መሬት አልፈልግም ያለች ሴት፣ ድንጋይ ስታቀብል ዋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንደ እኔ በሰው ፈቃድ መኖር አንገፍግፏችሁ የማንም እጅ የሌለበት ቦታ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እኔ ብዙ አገር ዞሬ አላገኘሁትም። ጠንካራ መሬት ባያችሁ ቁጥር አንድ ሰው ረግጦ አጠንክሮታል። ዛሬ የትም ስንደርስ ሞተር ከማጥፋታችን በፊት ወርጄ፣ ይህ ቦታ የማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ባሕሪዬ ግን አልተለወጠም፤ ከመካኒክ ጋር እጣላለሁ፤ ሞላንም ገና አልማርኩትም።

በየዓመቱ የኅዳር ወር ሲቃረብ አያ ካሴ ይደውላሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የዳዊትን ጤና፣ የፒክአፑን ጤና ይጠይቃሉ። ከዚያ፣ «ድንጋዩ ላይ ሣር በቅሏል። ተራችሁ ሳያልፍ ኑ» ይላሉ። ስልኩን ዘግቼ ዳዊትን ኩሽኔታውን ለመካኒክ አሳይ እለዋለሁ። የምፈራው መንገድ ላይ እንዳይሰበር ነው፤ እዚያ ከደረስን በኋላ እንደፈለገው ይሰበር።